በሦስት ጎማ መታጠፍ

አንድ ጎካርት ግማሽ ክብ ዞሮ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለሳል እንበል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ለመሃል ሲለኩ 1.2 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የውጭው ጎማ የሚሄድበት ግማሽ ክብ ከውስጡ የሰፋ ስለሆነ፣ ኩርባው ጠባብም ይሁን ሰፊ፣ የውጭው ከውስጡ በ3.8 ሜትር ገደማ የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። ስሌቱ 3.14ን በ1.2 ማባዛት ብቻ ነው። የኋላው ጎማ ዙሪያ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና፣ የውጭው ጎማ በዚያች አንዲት ኩርባ ከውስጡ ከአራት ዙር በላይ ተጨማሪ መሽከርከር ይኖርበታል ማለት ነው።

ግን አይችልም። የጎካርት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የታሰሩት በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ነው፤ አንዱ አንድ ዙር ሲዞር ሌላውም የግዱን አንድ ዙር ይዞራል። መኪና ላይ ይህን ጣጣ የሚፈታው ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው ዲፈረንሻል ነው። ጎካርት ዲፈረንሻል የለውም። ሞላም፣ ባሌስትራም፣ ሾክ አብዞርበርም የለውም። እንዲያውም የዓለም አቀፍ ውድድር ደንብ እነዚህን በግልጽ ይከለክላል።

ታዲያ እንዴት ይታጠፋል? የጎካርት ሻንሲ ማስተካከል የሚባለው ሙያ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፤ ካርቱ ኩርባ ውስጥ ሲገባ የውስጡን የኋላ ጎማ ከመሬት ያነሳዋል። አየር ላይ ያለ ጎማ ከአስፋልቱ ጋር አይታገልም። ካርቱ በሦስት ጎማ ይዞራል፤ ከኩርባው ሲወጣ ደግሞ አራተኛውን መልሶ ያሳርፋል። የሚነሳው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ከመሬት ሳይለቅ ክብደቱ ብቻ ይቀልለታል። ያም ይበቃል።

የመጀመሪያውን ጎካርት እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው አርት ኢንግልስ ይባላል። በደቡብ ካሊፎርኒያ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ሰው ነበር። ጥቂት የብረት ቱቦዎች በየዳ አያይዞ ከሣር ማጨጃ የተወሰደ ሞተር አስቀመጠበት። ዲፈረንሻልና ሞላ አልገባበትም፤ ነገሩ ርካሽና ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩም ጎማውም ፍሬኑም ከሥር ተለውጧል፤ ዛሬ በውድድር ላይ በደቂቃ እስከ 15,000 ዙር የሚዞሩ 125 ሲሲ ሞተሮች አሉ። ዲፈረንሻልና ሞላ ግን ዛሬም የሉም፤ የኋላ ጎማዎቹ የታሰሩት በወጥ ዘንግ ላይ ነው። የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኖቹ ሴና፣ ሹማከር፣ ሃሚልተንና ቨርስታፐን ከልጅነታቸው ጀምሮ መኪናን በክብደት መንዳት የተማሩት በዚህ ዘንግ ላይ ነው። ማንኛውም ስህተት ያለ አስታራቂ በቀጥታ ለነጂው ወገብ ይደርሳልና ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ጎማውን ምን ያነሳዋል? ሁለት ነገሮች ተባብረው ነው። አንደኛው የክብደት ሽሽት ነው። ካርቱና ነጂው አንድ ላይ 160 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግራው 80፣ ቀኙም 80 ኪሎ ይሸከማል። የክብደቱ እምብርት ከመሬት 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ጥሩ የውድድር ጎማ ያለው ካርት በኩርባ ውስጥ የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ የሚያህል የጎን ኃይል ሊሸከም ይችላል። 160ን በ2፣ ከዚያም በ25 አባዝታችሁ ለ120 ሴንቲ ሜትሩ ስፋት ብታካፍሉት 67 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ይህን ያህል ክብደት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሸሻል። ስለዚህ በኩርባው መካከል የውጭዎቹ ሁለት ጎማዎች 147 ኪሎ ተጭነው፣ የውስጦቹ ሁለት 13 ኪሎ ብቻ ይቀርላቸዋል።

ያ የቀረው 13 ኪሎ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሁለተኛው ነገር ነው፤ እሱም መሪው ነው። የካርት የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚዞረው በአንድ ወፍራም ብሎን ዙሪያ ነው። ይህ ብሎን ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ጫፉ ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው ዘንበል ብሏል። ይህን ዝንባሌ የአላይመንት ባለሙያዎች ካስተር ይሉታል። መኪና ላይ ካስተር ዋና ሥራው መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ቀና እንዲል ማድረግ ነው። ካርት ላይ ግን ከዚያ የበለጠ ኃላፊነት አለበት። ወደ ግራ ስትታጠፉ የግራው የፊት ጎማ ከሻንሲው አንጻር ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀኙ ወደ ላይ ይወጣል። አራት እግር ባለው ጠረጴዛ አንዱ እግር ሥር ቁራጭ እንጨት ብታስገቡ ጠረጴዛው በዚያ እግርና በማዕዘን ትይዩው ባለው እግር ላይ ቆሞ ይወዛወዛል፤ ወደ አንድ ጎን ስትገፉት በሌላው ጎን ያለው እግር ይነሳል። ካርቱም እንዲሁ ነው። የውስጡ የፊት ጎማ «ይረዝማል»፤ ክብደቱ በእሱና በውጭው የኋላ ጎማ ላይ ይቆማል፤ የጎን ኃይሉ ደግሞ ካርቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ክብደት የሚያጣው የውስጡ የኋላ ጎማ ይሆናል።

ይህን የተረዳ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ይገባዋል። ካርቱን ከጋራዥ ወለል ላይ አቁማችሁ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ መሪውን እስከ ጫፍ ብትጠመዝዙት የኋላው ጎማ ሲቀልል በእጃችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። ጀማሪን የማስተምር ብሆን የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሻንሲው እንምጣ። ሻንሲው የተሠራው ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት ነው፤ የቱቦዎቹ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ብረት የተመረጠው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ተጠምዝዞ ወደ ቦታው ስለሚመለስም ነው። ሞላ በሌለው ካርት ላይ ሞላው ራሱ ሻንሲው ነው። የውስጡ የኋላ ጎማ ሲነሳ ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ መሪው ሲቀና ደግሞ ይፈታና ጎማውን መልሶ መሬት ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ የሻንሲው ጥንካሬ ጎማው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነሳ፣ ምን ያህል ጊዜ አየር ላይ እንደሚቆይና በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚመለስ ይወስናል። ግትር ከሆነ ጎማው በድንገት ብድግ ብሎ በድንገት ይወድቃል። በጣም ልል ከሆነ ደግሞ መሪው የሰጠውን ሥራ ሻንሲው ራሱ ይውጠውና ጎማው ሳይነሳ ይቀራል። አንድ ሻንሲ ብዙ ከተነዳ በኋላ ብረቱ ይደክማል፤ በዓይን ምንም ሳይታይበት ካርቱ እንደ ድሮው አልታጠፍ ይላል። የምታዩዋቸው ብሎኖችም ሥራ አላቸው፤ የወለሉን ወይም የኋላ መከላከያውን ብሎን ማጥበቅ ሻንሲውን ያጠነክራል፣ ማላላት ያለሰልሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ካርቱን አጥቦ ብሎኖቹን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ከዘጋ በኋላ «ትናንት ደህና የነበረ ዛሬ ምን ነካው?» እያለ ሲጨነቅ ይውላል።

ፊት ለፊት የሚስተካከሉት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ካስተሩ የሚለወጠው መታጠፊያው ብሎን የሚያልፍበትን፣ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ቀለበት በማዞር ነው። ካስተር ሲጨመር የውስጡ የኋላ ጎማ በይበልጥ ይነሳል፣ መሪውም ይከብዳል። ሁለተኛው የፊት ጎማዎች ስፋት ነው፤ በጎማውና በመታጠፊያው መካከል ያሉትን ቀለበቶች በመጨመር ወይም በመቀነስ ይለወጣል። ጎማው ከመታጠፊያው ብሎን በራቀ ቁጥር ሲታጠፍ የሚሄደው ርቀት ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ማንሳቱም ይበረታል። ስለዚህ ፊቱን ማስፋት ካርቱን ለመሪ ፈጣን ያደርገዋል። ካምበርና ቶ የሚባሉት ሌሎቹ የፊት ጎማ ልኬቶችም አሉ፤ ሚሊ ሜትሮቻቸው የጎማውን አያያዝ ይለውጣሉ፤ ለመነሻ ግን ፋብሪካው በሰጠው ልክ ማቆም ይበቃል።

የኋላው ስፋት ግን ረጋ ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ጀማሪው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኋላ ጎማዎች በዘንጉ ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መንሸራተት ይችላሉ፤ ደንቡ የሚለው ለአዋቂዎች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 140 ሴንቲ ሜትር አይለፍ ነው። መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ «ኋላው ከተንሸራተተ አጥብብ» ይላሉ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ሲጠብ ብዙ ክብደት ወደ ውጭው ጎማ ይሸሻል፣ ጎማውም አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል። ችግሩ ኋላው የሚንሸራተትበት ምክንያት ሁለት መሆኑ ነው። ጎማው በቂ ሳይነሳ ቀርቶ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እርስ በርስ ሲጓተቱ ኋላው ይንሸራተታል። ጎማው ከመጠን በላይ ተነስቶ፣ የውጭው ብቻውን ሁሉንም ተሸክሞ አቅም ሲያጣም ኋላው ይንሸራተታል። ለመጀመሪያው ማጥበብ መድኃኒት ነው። ለሁለተኛው ማጥበብ በሽታውን ያብሳል። በሁለቱም ጊዜ ነጂው ወርዶ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ኋላው አመለጠኝ»። በዚህ ምክንያት «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚሉ ሰንጠረዦች ጀማሪን ከመጥቀም ይልቅ እንደሚያሳስቱ አምናለሁ። ከቁልፉ በፊት ዓይን ይቅደም። አንድ ሰው ከኩርባው ውስጠኛ ጎን ቆሞ የውስጡን የኋላ ጎማ ብቻ ይመልከት። የት ላይ ተነሳ? ምን ያህል ተነሳ? የት ላይ ተመለሰ? ስልክ ይዞ በዝግታ መቅረጽም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ይነበብ።

ዘንጉም ይለዋወጣል። የአዋቂዎች ዘንግ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ ነው፤ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ እየተባለ ይሸጣል። የትኛው ዘንግ ለየትኛው መንገድ እንደሚስማማ ፋብሪካዎቹ የሚሰጡት ምክር እርስ በርሱ አይገጥምም፤ የአንዱ ሻንሲ ከሌላው ስለሚለይ ነው። ስለዚህ ከባለ ሌላ ማርክ ካርት ምክር ከመቀበል የራስን ሻንሲ አምራች መመሪያ መከተል ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ወንበሩ ነው። ካርቱ 85 ኪሎ፣ ነጂው 75 ቢመዝን፣ ከሙሉው ክብደት ግማሽ ያህሉ ሰው ነው። በመኪና ነጂው ተሳፋሪ ነው፤ በካርት ነጂው ዋናው ዕቃ ነው። ከላይ ወደ ሠራነው ስሌት እንመለስ። ወንበሩን በ2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብናደርገው የሙሉው ክብደት እምብርት በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል፤ በዚያች ኩርባ ወደ ውጭ የሚሸሸው ክብደት ላይ 2.5 ኪሎ ያህል ይጨመራል። የውስጥ ጎማዎች የቀራቸው 13 ኪሎ ብቻ እንደነበር አስታውሱ፤ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። የኋላውን ስፋት በ2 ሴንቲ ሜትር ብናጠበው ግን ለውጡ 1 ኪሎ ከመቶ ግራም ገደማ ነው። ሴንቲ ሜትር በሴንቲ ሜትር ሲወዳደር የወንበሩ ከፍታ ከኋላው ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሠራል። ሆኖም ብዙ ሰው ወንበሩን አንድ ጊዜ አስሮ ይረሳዋል፤ የኋላ ጎማዎቹን ግን ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ይገፋል።

ወንበሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሆኑም እንዲሁ ነው። የተለመደው መነሻ፣ ነጂው ተቀምጦ በአራት ሚዛን ሲለካ፣ ፊቱ 43 ከመቶ ኋላው 57 ከመቶ ያህል እንዲሸከም ነው። በተጨማሪ የወንበሩ ቅርፊት ከሻንሲው ጋር በብሎን ስለሚታሰር የሻንሲው አካል ሆኖ ይሠራል፤ የነጂው የጎን ግፊት ወደ ኋላው ዘንግ የሚተላለፈው በወንበሩ ጎንና በደጋፊ ብረቶቹ በኩል ነው። ደጋፊ ብረት ሲጨመር ኋላው ይጠነክራል። ነጂው በሰፊ ወንበር ውስጥ የሚዋኝ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ይበላሻል፤ ክብደቱ ወደ ሻንሲው የሚደርሰው ዘግይቶና በድንጋጤ ነው። ለዚህ ነው በልክ የተሰፋ ያህል የሚያጣብቅ ወንበር የሚፈለገው።

ካርቱ ምንም ሳይነካ መንገዱ ራሱ ይለወጣል። ሰሜን ኢጣልያ ውስጥ፣ ጋርዳ ሐይቅ አጠገብ ሎናቶ የሚባል ከተማ አለ። ሳውዝ ጋርዳ የሚባለው ታዋቂ የካርት ሜዳ እዚያ ነው፤ ሲአርጂ የተባለው የሻንሲ ፋብሪካም በዚያው ከተማ፣ ቶኒ ካርት ደግሞ ብዙ ሳይርቅ ፕሬቫሌ ይገኛል። በየካቲት ብርድ በሚደረገው የክረምት ውድድር የመጀመሪያው ቀን አስፋልቱ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ ጎማ አይይዝም። ካርቶቹ በተመላለሱ ቁጥር ግን ከጎማዎቹ የሚፋቀው ላስቲክ በመሮጫው መስመር ላይ ይለጠፋል። ለመጨረሻው ውድድር መንገዱ ጥቁርና የሚያጣብቅ ይሆናል። ዓርብ ጠዋት ጎማው አልነሳ ያለ ካርት እሑድ ከሰዓት ሳይነካ በሁለት ጎማ ሊቆም ይቃጣዋል፤ በኩርባው መካከል ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል። ያኔ መካኒኩ ሁሉንም በተቃራኒው ይሠራል፤ ካስተር ይቀንሳል፣ ፊቱን ያጠባል፣ ኋላውን ያሰፋል፣ ወንበሩን ዝቅ ያደርጋል። ጎማው በሙቀት ስለሚያብጥ የአየሩን መጠንም ይቀንሳል። የካርት ጎማ የሚሞላው 10 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ የቤት መኪና ጎማ ግን ከ30 በላይ ይሞላል። ስለዚህ በመኪና ላይ ከቁጥር የማይገባ የግማሽ ፒኤስአይ ልዩነት እዚህ ላይ በዙር ሰዓቱ ላይ ይታያል።

ዝናብ ሲመጣ ነገሩ እጅግ ይገለጣል። እርጥብ አስፋልት ላይ የጎን ኃይሉ ስለሚያንስ በራሱ በቂ ክብደት ወደ ውጭ አይሸሽም፤ የውስጡ የኋላ ጎማ መሬት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የፊት ጎማዎቹ ታጥፈው ካርቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጉዳዩን ያልተረዳ ሰው «መንገዱ ስለሚያንሸራትት ነው» ብሎ ይተወዋል። ያወቀው ግን ክብደቱ ያልሠራውን በመሪው ያሠራል፤ ካስተሩን እስከ ጫፍ ይጨምራል፣ ፊቱን የቻለውን ያህል ያሰፋል፣ ኋላውን ይሰበስባል፣ ጊዜ ካለው ወንበሩን ከፍ ያደርጋል። የዝናብ ጎማዎች አየርም ይጨመራል። ያ የተለጠፈው ላስቲክ ውሃ ሲነካው ስለሚያዳልጥ ጎበዝ ነጂዎች የደረቁን ቀን መስመር ትተው በሰፊው፣ ከውጭ በኩል ይዞራሉ።

ሲነዱ ደግሞ ሕመሙ ኩርባው ላይ የት እንደሚጀምር መለየት ያስፈልጋል። ሲገባ ነው? መካከል ላይ ነው? ሲወጣ ነው? ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ የሚሸሽ ከሆነ ጎማው በጊዜ አልተነሳም ማለት ነው፤ ፊቱን ተመልከቱ። ገብቶ፣ ታጥፎ፣ ሲወጣ ሞተሩ ከታፈነ ግን የውስጡ ጎማ መሪው ሳይቀና ወርዶ መጓተት ጀምሯል። የሞተሩ ድምፅ እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ በነጻ ከሚወጣ ካርት ድምፁ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ከታሰረው ግን ለአፍታ ይወድቅና እንደገና ይነሳል። በትናንሽ ሞተሮች ላይ ይህች አፍታ ውድ ናት፤ የጠፋውን ፍጥነት ቀጥታው ሙሉ አያስመልሰውም።

ኪራይ ካርት ብቻ የሚነዳ አንባቢ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ሻምፒዮና በተደረገበት በባህሬኑ ሳኪር ወይም በዱባይ የሚከራዩት ካርቶች ዙሪያቸውን መከላከያ የተገጠመላቸው ከባዶች ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ያለው የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ከሚያንቀሳቅሱት ከሆንዳ ጂኤክስ ቤተሰብ የሆነ ሞተር ነው። አንዲት ብሎን እንኳ እንድትነኩ አይፈቀድላችሁም። ወጥ ዘንጉ ግን ያው ነው፤ ከመሪውና ከክብደታችሁ በቀር ጎማውን የሚያነሳላችሁ የለም። ፍሬኑን ቀጥታው ላይ ጨርሱ፤ የተጫነ ፍሬን ኩርባ ውስጥ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ይይዛቸዋል። መሪውን እየቆራረጣችሁ ሳይሆን በአንድ ቁርጥ ያለ እንቅስቃሴ አጥፉት፤ ያ እንቅስቃሴ ነው ጎማውን የሚያነሳው። ወደ ኩርባው ውስጥ አትጋደሙ፤ ብስክሌት ላይ የተለመደው ይህ ልማድ ልታቀሉት የምትፈልጉትን ጎማ መልሶ ይጫነዋል። ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አሳርፉና ክብደታችሁ ወደ ውጭ ሲሄድ ተዉት። ከኩርባው መካከል በኋላ መሪውን ቀስ በቀስ እያቀናችሁ፣ መንገዱ የሚሰጣችሁን ስፋት ሁሉ እስከ ጠርዙ ተጠቀሙ፤ ነዳጁን ሙሉ ለመስጠት የሚያመቸው ጊዜ ጎማው በለሰለሰ ሁኔታ መሬት ሲነካ ነው።

የራሳችሁ ካርት ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ውጡ። ካስተርንና የኋላን ስፋት በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሰዓቱ ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሰዓት ቁጥር ብቻ መጻፍም አይበቃም፤ የአየሩን ሙቀት፣ የጎማውን ዕድሜ፣ መንገዱ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ፣ የነጂውን ክብደትና የውስጡ የኋላ ጎማ በየትኛው ኩርባ ምን ያህል እንደተነሳ ጻፉ።